«ማሟያ» ወይስ «አሟይ»?

ጥያቄ፦ የምሠራው በሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሉፐስ የሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ ሰውነቱን የሚያጠቃበት ሕመም ላለባቸው ሰዎች የኮምፕልመንት ምርመራ እንሠራለን። ኮምፕልመንት ደም ውስጥ ያሉ፣ ከጀርም ጋር የሚታገሉ ፕሮቲኖች ናቸው። በቀደም አንዲት እናት ውጤታቸውን ይዘው «ምን ይላል ልጄ?» አሉኝ። «ማሟያዎ ቀንሷል» አልኳቸው። «እሺ፣ ከየት ልግዛው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ኮምፕልመንትን በአማርኛ ምን ልበለው? ማሟያ፣ አሟይ፣ ረዳት፣ አጋዥ ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ እኚያ እናት አልተሳሳቱም። አማርኛውን በትክክል ነው የሰሙት። «ማሟያ» ማለት የጎደለ ነገር የሚሟላበት ነው። ተማሪ «የመመረቂያ ማሟያ ጽሑፍ» ያቀርባል። ማሟያ ከውጭ ይመጣል፣ ይጨመራል፣ ይገዛል። ስለዚህ «ከየት ልግዛው?» ማለታቸው የሚጠበቅ ነው።

አማርኛ ከአንድ ግስ ሠሪውንና መሥሪያውን ለይቶ ያወጣል። ጠባቂ አለ፣ መጠበቂያ አለ። ቆራጭ አለ፣ መቁረጫ አለ። ከ«አሟላ» ደግሞ «አሟይ» እና «ማሟያ» ይወጣሉ። «ላ» ወደ «ይ» መለወጡ እንግዳ አይሁንብዎት፤ «ገደለ» ገዳይ፣ «ከፈለ» ከፋይ ይሆን የለ? እርግጥ ደንቡ ሁልጊዜ አይጠበቅም። ሠራዊቱን «መከላከያ» እንለዋለን፣ ማንም አይደናገርም። የላቦራቶሪ ውጤት ይዞ ለተጨነቀ ሰው ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ታዲያ ደማችን ውስጥ ያለው ሠሪ ነው ወይስ መሥሪያ? ስሙ የወጣበትን ታሪክ እንይ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1890ዎቹ አጋማሽ፣ ዡል ቦርዴ የሚባል ቤልጂጋዊ ሐኪም ፓሪስ በሚገኘው ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ ነበር። ክትባት የተሰጠው እንስሳ ሴረም (ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ባክቴሪያ ይገድላል። ሴረሙን 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያሞቀው መግደሉን ያቆማል። ክትባት ካልወሰደ እንስሳ ትኩስ ሴረም ጠብ ሲያደርግበት ግን ኃይሉ ይመለሳል። ስለዚህ ሥራው የሁለት ነገሮች ነው። አንዱ ሙቀት የሚችለው አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት አንድን ጀርም ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ሌላው ሙቀት የማይችል፣ ሳንከተብም በደማችን ያለ ነገር ነው። ቦርዴ ይህን ሁለተኛውን «አሌክሲን» ይለው ነበር። ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ ግን የአንቲቦዲውን ሥራ ከፍጻሜ ያደርሳል ብሎ «ኮምፕልመንት» አለው። ጸንቶ የቀረው የኤርሊኽ ስም ነው። (አንቲቦዲን «ፀረ-አካል» የሚሉ አሉ። እኔ አልወደውም። የገዛ አካላችንን የሚጻረር ያስመስለዋል።)

ዛሬ ይህ ነገር አንድ ሳይሆን ከ30 በላይ ፕሮቲኖች መሆኑ ይታወቃል። አብዛኞቹን የሚሠራው ጉበት ነው። ደም ውስጥ ዝም ብለው ይዞራሉ። ጀርም ሲገባ አንዱ ሌላውን እየቆረጠ ይቀሰቅሰዋል። አንዳንዶቹ ጀርሙ ላይ ተለጥፈው ነጭ የደም ሕዋሳት እንዲውጡት ምልክት ይሆናሉ። ሌሎቹ ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ቦታው ይጠራሉ። ብዙዎቹ «ሲ» በሚል ፊደልና በቁጥር ይጠራሉ፤ ከሲ5 እስከ ሲ9 ያሉት ተገጣጥመው የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሳሉ። ግሶቹን ልብ ይበሉ። ይቆርጣል፣ ይለጠፋል፣ ይጠራል፣ ይበሳል። ይህ ሁሉ የሠሪ ግስ ነው። ስለዚህ የእኔ ምርጫ «አሟይ ፕሮቲኖች» ነው፤ አንድ ላይ ሲጠሩ «የአሟይ ፕሮቲኖች ሥርዓት»።

«ረዳት» ክፉ ቃል አይደለም፤ ግን ረዳት ቲ ሕዋስ የሚባል ነጭ የደም ሕዋስ አለና ቦታው ተይዟል። «አጋዥ» ደግሞ ክትባት ውስጥ ለሚጨመረው፣ የክትባቱን ኃይል ለሚያጎላው ንጥረ ነገር ይሻላል። አሟዮቹ አንቲቦዲ ሳይጠብቁ ሥራ የሚጀምሩበት መንገድም ስላለ «አሟይ» ይጠብባቸዋል የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ኤርሊኽ የሰጠው ስምም እኮ እንደዚያው ይጠባል፤ ሐኪሞቹ ግን እስከ ዛሬ ይጠሩበታል።

ቁጥሮቹን ግን አይተርጉሙ። «ሁለተኛው አሟይ» አይበሉ። የተቆጠሩት በሥራ ተራቸው ሳይሆን በታወቁበት ቅደም ተከተል ነው። ሲ4 ከሲ2 ቀድሞ ሥራ ይጀምራል። ሲ3፣ ሲ4 ብለው ይተዉት።

ከስሙ ይልቅ ያሳሰበኝ «ቀንሷል» ያሉት ነው። ስለምን ቀነሰ? በሉፐስ ጊዜ አንቲቦዲ ከገዛ ሰውነት ቁስ ጋር ተጣብቆ ኩላሊትን በመሳሰሉ ቦታዎች ይከማቻል። አሟዮቹ እዚያ ሄደው ሥራ ይጀምራሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዱታል። ደም ውስጥ የሚያንሱት በዚህ ሥራ ስለሚያልቁ ነው። ለዚህ ትክክለኛው ግስ «አለቀ» ነው። ከሲ5 እስከ ሲ9 ካሉት አንዱን ሳይዝ የሚወለድ ሰውም አለ። እንዲህ ያለው ሰው በሜኒንጎኮከስ ባክቴሪያ በሚመጣ ማጅራት ገትር ደጋግሞ ሊያዝ ይችላል። የማጅራት ገትር ቀጠና የሚባለው ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋ ነውና ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ለእነዚህ «ጎደለ» እንላለን። «አለቀ» እና «ጎደለ» በአማርኛ አንድ አይደሉም፣ በሕመሙም አንድ አይደሉም።

እኚያን እናት እንደገና ሲያገኟቸው እንዲህ ይበሏቸው፦ «እማማ፣ ደምዎ ውስጥ ከበሽታ ጋር የሚታገሉ አሟይ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ሕመሙ ሥራ አብዝቶባቸው እያለቁ ነው። የሚገዛ ነገር አይደለም። ሐኪምዎ ሕመሙን ሲያበርደው እነሱም ይመለሳሉ ብለን እንጠብቃለን፤ ወረቀቱን ቶሎ ያሳዩት።»