ወደ ስብሰባው ከመግባታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ በቀበሌ አዳራሽ ስለ መሬት፣ ስለ ግብር እና ስለ ትምህርት ቤት ስትከራከሩ መስማት ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ የምትደርሱበት ሰዓት ነው። ግሬደር ሰፈር ከገባ በኋላ የሚነሳ ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ካሳ ጉዳይ ይጠብባል፤ ቦታው ለምን እንደሚውል የሚወሰነው ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው።

በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማው መሬት ለምን እንደሚውል የሚያሳየው ዕቅድ፣ ለ10 ዓመት ያገለግላል። ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል፤ መገኘት ያለባችሁ ያኔ ነው። የጎንደር ፕላን ካርታ ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ የጃንተከልን ዋርካ ወይም የቀሃን ወንዝ ፈልጉ፣ ከዚያ ተነስታችሁ ሰፈራችሁ ድረስ በጣታችሁ ሂዱ። ቀለሙን የእያንዳንዱን ቀለም ትርጉም ከሚናገረው ከመፍቻው ጋር አስተያዩ። ቀለሙ ግን ሁሉን አይናገርም፤ አብሮ ያለውን የጽሑፍ ደንብ ጠይቁ፤ የሕንፃው ከፍታና ከወንዙ የሚተወው ርቀት የሚገኘው እዚያ ነው። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በፋሲል ግቢ ዙሪያ አንድ ፎቅ መጨመር ሰፈሩን ብቻ የሚመለከት ጉዳይ አይደለም። ከአንገረብ ግድብ በላይ ያለው ተዳፋትም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ሣርና ዛፍ ተመንጥሮ አፈሩ ከተራቆተ ክረምቱ ጠራርጎ ወደ ግድቡ ያወርደዋል፣ ደለሉ የውኃውን ቦታ ይይዛል፣ ከተማውም ውኃ ያጣል። አረንጓዴ የተቀባው ቦታ ለግንባታ ሲጠየቅ ይህን ከነምክንያቱ ተናገሩ።

በንብረት ግብር ላይ ሁሉም የሚጮኸው ስለ ምጣኔው ነው። ግብር የሚሰላበት ዋጋው 2 ሚሊዮን ብር የሆነ ቤት በ0.2 ከመቶ 4,000 ብር፣ በ0.5 ከመቶ 10,000 ብር ይከፍላል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ፋይሉ ላይ 140 ካሬ የሆነው ቤት 190 ተብሎ ከሰፈረ፣ ምጣኔው የቱንም ያህል ቢቀንስ ስህተቱ በየዓመቱ ይከተላችኋል። ሜትር ይዛችሁ ለኩና ከይዞታ ካርታችሁ ጋር አመሳክሩ። እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን በዚህ አግዟቸው፤ ብዙዎቹ ቁጥሩን አንብቦ የሚነግራቸው የላቸውም።

ስለ ትምህርት ቤት አጭር ነገር ልበል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ ላይ የሚቀርብ የጣሪያ ጥያቄ ለዚያ ዓመት አይደርስም። ከበጋው አጋማሽ ጀምሮ በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል አንሱት። «ክፍሉ ተጨናንቋል» አትበሉ። የተማሪውን ቁጥር፣ የክፍሉን ስፋት፣ የወንበሩን ብዛት፣ የሚያፈስሰውን ቆርቆሮ ቆጥራችሁ በአንድ ገጽ አስፍሩ።

በመጨረሻም ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት ይነበብ ዘንድ ጠይቁ። «ነዋሪው አስተያየት ሰጥቷል» ከተባለ ምን እንዳለ ይጻፍ። ደብዳቤያችሁንም በእጅ ሰጥታችሁ አትመለሱ፤ መዝገብ ቤት አስገቡት፣ ቀንና ቁጥር በቀሪው ኮፒያችሁ ላይ ይስፈር፣ ማኅተምም ይመታበት።