ሳክስፎኔ ላይ ራሴን አየዋለሁ፣ ምን ላድርግ? ላልከው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህንም አነበብኩ፣ ፎቶዎቹንም አየኋቸው። ላላዩት ባጭሩ ልንገራቸው። ወንድማችን ወርቃማ ሳክስፎን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ አንስቷል። ሰፊው አፉ ላይ መስኮቱ፣ ትራይፖዱና ራሱ ፎቶ አንሺው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ፍላሽ ሲያበራ ደግሞ ቱቦው በሙሉ ነጭ ነጥብ በነጭ ነጥብ ሆነ። ፖላራይዘር ፊልተር (ሌንስ ላይ የሚገጠም ነጸብራቅ ቀናሽ መስታወት) ግዛ አሉት፣ ገዛ፣ ምንም ለውጥ የለም። አሁን የሚጠይቀው ፊልተሩ ፎርጅድ ይሆን ወይ፣ የብርሃን ድንኳንስ (ዕቃው ውስጡ ተቀምጦ የሚነሳበት ነጭ የጨርቅ ሳጥን) ልግዛ ወይ እያለ ነው።

ፊልተሩ ፎርጅድ አይመስለኝም። ፖላራይዘር የሚሠራው ብርጭቆ፣ ውሃ፣ ቫርኒሽና የመሳሰለው ላይ ነው። ከእነዚህ ተንጸባርቆ የሚመጣው ብርሃን በአብዛኛው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይርገበገባል። ፊልተሩ ያንን አቅጣጫ ይዘጋዋል። በደንብ የሚሠራውም ሌንሱ ከገጹ ጋር 35 ዲግሪ ገደማ ሲሠራ ነው። ብረት ግን ብርሃኑን እንደዚያ አይለይም፤ እንዳለ ይመልሰዋል። ስለዚህ ፊልተሩን ብታሽከረክረው ብታሽከረክረው ያው ነው። ሳክስፎንህ ላይ ስስ ላከር (ብረቱን የሚጠብቅ ግልጽ ቅብ) አለ፣ እውነት ነው። ግን ዓይንህን የሚወጋው ከሥሩ ካለው ናስ የሚመለሰው ነው። ፊልተሩን አትጣለው፤ ጥቁር ፒያኖ ወይም ቫዮሊን ስታነሳ ታመሰግነዋለህ።

መብራቱም ላይ ፖላራይዝ የሚያደርግ ስስ ፕላስቲክ ብታለብስ የናሱ ነጸብራቅም ይጠፋል የሚል ሰው ይመጣል። ይጠፋል፣ ልክ ነው። ግን ናስ ነጸብራቁ ከተወሰደበት ምን ይቀረዋል? ድብን ያለ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። እኔ በበኩሌ ለሙዚቃ መሣሪያ አልመክረውም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ያበራኸው ሳክስፎኑን ነው። የሚያብረቀርቅ ብረት ግን የራሱን መልክ ብዙም አያሳይህም፤ ዙሪያውን ወርቃማ አድርጎ መልሶ ያሳይሃል። ክፍልህ የተዝረከረከ ከሆነ ሳክስፎንህም የተዝረከረከ ነው። ስለዚህ ማሰብ ያለብህ ሳክስፎኑ ምን እያየ እንደሆነ ነው። እሱ የሚያየውን አንተ ትሠራለታለህ።

ይኸውልህ ቀላል መንገድ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ እሰረው፣ ሳክስፎኑን አስተካክለህ አስቀምጥ፣ ከዚያ አትንካቸው። አንድ ትልቅ ነጭ ወረቀት ይዘህ በሳክስፎኑ ዙሪያ አንቀሳቅሰው። ሌላ ሰው ስክሪኑን ይይ። ወረቀቱ ቱቦው ላይ የሚታይበት ቦታ አለ፣ የሚሰወርበትም አለ። የሚታይበትን ቦታ ካወቅክ ብርሃንህ መቀመጥ ያለበት እዚያ ነው። ጥቁር ካርቶን የሚያስፈልግህ ቦታም በዚሁ መንገድ ይገኛል።

ቱቦ ክብ ስለሆነ ክፍሉን ከሞላ ጎደል ያየዋል፣ ግን እያሳነሰ። ለዚህ ነው ፍላሽህ ነጥብ ብቻ የሆነው። ኃይሉን ብትቀንሰውም የደበዘዘ ነጥብ እንጂ ሌላ አይሆንም። ትልቅ የብርሃን ገጽ ያስፈልግሃል። ስስ ነጭ ጨርቅ ወይም ትሬሲንግ ፔፐር (ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት) ፍሬም ላይ ወጥር። ከሳክስፎኑ የረዘመ ይሁን። ከምስሉ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቅቀህ በአንድ ጎን በጣም አስጠጋው፣ ከቱቦው ርዝመት ጋርም ትይዩ አድርገው። መብራቱ ከጨርቁ ጀርባ ነው።

አሁን ዋናው ጨዋታ መጣ። መብራቱን ከጨርቁ ጀርባ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅስ። ከራቀ ጨርቁ እኩል ይበራል፣ ቱቦው ላይ ጠርዙ የተቆረጠ ነጭ ቀበቶ ይወጣል። ከተጠጋ መሃሉ ይደምቃል፣ ዳር ዳሩ ቀስ እያለ ይጠፋል። እኔ የምወደው ሁለተኛውን ነው። አንገቱን ቀረብ ብለህ ብታየው ከግራ ነጩ ይጀምራል፣ ሳታውቀው ወደ ቢጫ ይገባል፣ ከዚያ ጠቆር ያለ ወርቅ፣ ከዚያ ቡናማ። ያ ሽግግር ነው ለተመልካች "ይሄ ብረት ነው፣ ክብ ነው" የሚለው። ሽግግሩ ከሌለ ቢጫ ቀለም የተቀባ ነገር ይመስላል።

በሌላው ጎን ጥቁር ካርቶን አቁም። ናሱ ጥቁሩን ሲያየው ጠርዙ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይወጣል፣ ቅርጹም ይጠነክራል። ከሳክስፎኑ ኋላ ያለው ጀርባ ነጭ ከሆነ ይህ ግድ ነው፤ አለበለዚያ ጠርዙ ከጀርባው ጋር ይቀላቀላል። ጀርባው ጥቁር ቬልቬት ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውን አድርግ፤ ጠርዞቹ ላይ ቀጭን ነጭ ካርቶን ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልብ በል። ጨርቁንና መብራቱን አንድ ላይ ብታስጠጋ ናሱ ላይ ያለው ነጸብራቅ ይሰፋል እንጂ አይደምቅም። ጠረጴዛውና ቬልቬቱ ግን ይደምቃሉ። ናሱ ልክ ሆኖ ጠረጴዛው ከጨለመብህ መብራት አትጨምር፣ አስጠጋ።

ወደ ሰፊው አፍ እንምጣ፤ ያሳበደህ እሱ ነው። ማንኪያ አይተህ ታውቃለህ፦ በጀርባው ትንሽ ሆነህ ትታያለህ፣ በውስጡ ተገልብጠህ። የሳክስፎኑም አፍ እንደዚያው ነው። ወደ ሌንሱ ቀጥ ብሎ የዞረ ገጽ ካሜራውን ማሳየቱ አይቀርም፤ በብርሃን አቀማመጥ የሚጠፋ ነገር አይደለም። የምትችለው ማሳነስና ማጨለም ነው። መጀመሪያ አፉን ትንሽ ወደ ጎን አዙረው። ከዚያ ራቅ በል፣ ከ85 እስከ 135 ሚሊሜትር ባለው ሌንስ አንሳ። በራቅህ ቁጥር ነጸብራቅህ ያንሳል። ክፍሉን አጨልመው፤ ከጨርቁ ጀርባ ካለው መብራት በቀር ምንም አይብራ። ጥቁር ልብስ ልበስ። ትልቅ ጥቁር ጨርቅ ላይ ለሌንሱ የሚሆን ቀዳዳ ቅደድና ከካሜራው ፊት ስቀለው። ሰዓት ቆጣሪውን ተጠቅመህ ከኋላው ዞር በል። የምትቀረው ጥቁር ነጥብ ኤዲት ላይ በቀላሉ ትወጣለች።

መስኮቱን በመጋረጃ ዝጋው። ለነጸብራቁ ብቻ ብዬ አይደለም። የመስኮት ብርሃንና ቢጫ አምፖል ሲደባለቁ አንዱ ቱቦ ሁለት ቀለም ይሆናል፣ ያንን ደግሞ በዋይት ባላንስ (ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ በሚያደርገው የካሜራው የቀለም ማስተካከያ) ማስተካከል ጣጣ ነው። ዋይት ባላንሱን በግራጫ ካርድ ውሰድ፤ ካሜራው ራሱ እንዲወስን ከተውከው የናሱን ወርቃማነት ሊያጥብብህ ይሞክራል። ሂስቶግራሙንም (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን የካሜራ ግራፍ) በየቀለሙ ተመልከት። ናስ ላይ ቀዩ ቀድሞ ይቃጠላል፣ ማለትም ከልክ በላይ ደምቆ ዝርዝሩ ይጠፋል፤ አጠቃላዩ ሂስቶግራም ግን ሰላም ነው ይልሃል።

የቀረው ቀላል ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8 ወይም 11። ከኤፍ 16 በላይ ከሄድክ ጥራቱ እየለዘበ ይመጣል። ፎከሱን በእጅህ አድርግ፣ አፉ ላይ ያለው ቅርጻ ቅርጽ ላይ። አውቶፎከስ አንዳንዴ ነጸብራቁን ይይዝና የናሱ ገጽ ደብዝዞ ይቀራል።

ጽዳት ላይ ግን ልቆጣህ። ሁለተኛው ፎቶህ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ይቆጠራል። የጥጥ ጓንት አድርግ። አቧራውን መጀመሪያ በአየር ፓምፕ አራግፈው፣ ከዚያ ማይክሮፋይበር። ላከር ያለበት ናስ ላይ የብረት መወልወያ ቅባት እንዳትሞክር፤ ላከሩን ይበላዋል። ብልጭታ ለመግደል የሚረጭ ስፕሬይም አለ፣ ለሰው መሣሪያ ግን አይሆንም፤ የቁልፎቹ ፓዶች (ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት ለስላሳ ትራሶች) ውስጥ ይገባል። እና እባክህ ሳክስፎኑን በቁልፎቹ በኩል አታስተኛው። ዘንጎቹ ከተጣመሙ ፎቶው አይክስህም።

ድንኳኑን በተመለከተ፣ ለሳክስፎን አልገዛውም። ዙሪያውን ነጭ ሲያደርገው ናሱም ነጭ ብቻ ያያል፣ ያ ሽግግር ያልኩህ ነገር ይጠፋል። ገንዘቡን ለትልቅ ፍሬምና ጨርቅ አውለው። ለማውዝፒስ (በአፍ ለሚነፋበት ጫፍ)፣ ለትራምፔት ቫልቭና ለመሳሰለው ትንሽ ነገር ግን ድንኳን ያመቻል። ከገዛህም ውስጡ ግራና ቀኝ ቀጫጭን ጥቁር ካርቶን ለጥፍበት። ሌንሱ የሚገባበት ቀዳዳ ብረቱ ላይ ጥቁር ሰረዝ ሆኖ ይወጣል፤ ዕቃውን ትንሽ አዙረውና ሰረዙ ከካርቶኑ ጥቁር ጋር ይገናኝ፣ ያኔ ማንም አይለየውም።