የባትሪ ማቅለጫ ጎረቤት፦ ከአየር የሚወርደው አቧራ እርሳስ እንዳለው በምን ይታወቃል?

ጥያቄው ከቃሊቲ ነው የመጣው። «ከአጥሬ ጀርባ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበረ እርሳሱን የሚያቀልጥ ሰው አለ። ማታ ማታ ጭስ ይወጣል። ጠዋት የተሰጣ ልብስና የጓሮ ጎመን ላይ ጥቁር አቧራ አገኛለሁ። ዱባይ ያለች እህቴ የላከችልኝ የአየር መለኪያ ሴንሰር ፒኤም 2.5ን (በዓይን የማይታየውን ረቂቅ ብናኝ) ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ያሳያል። ይሄ ቁጥር እርሳስ አለ ማለት ነው? ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ።»

ከልጆቹ ልጀምር። ምንም ነገር መለካት ሳይጀምሩ ሐኪም ያማክሩና ደማቸውን ለእርሳስ ያስመርምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ውጤቱ በዴሲ ሊትር 5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ ተፈልጎ መጋለጡ እንዲቆም ይመክራል። ከዚህ በታች የምጽፈው ልኬት ቢያንስ አንድ ወር ይፈጃል። ልጆቹ ያን ያህል መጠበቅ የለባቸውም።

አሁን ወደ ሴንሰሩ። አይ፣ ቁጥሩ ስለ እርሳስ ምንም አይናገርም። እንዲህ ያለው ሴንሰር ትንሽ ፋን አየር ይስብለታል፣ ሌዘር ያበራበታል፣ ከብናኙ የሚበተነውን ብርሃን አይቶ ክብደቱን ይገምታል። ብናኙ የናፍጣ ጥቀርሻ ይሁን፣ የባሕር ዛፍ ጭስ ይሁን፣ እርሳስ ይሁን አይለይም። ኅዳር 12 ቀን፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያጥን ይዩት፤ ሽቅብ ይወጣል። ያ እርሳስ አይደለም። እርጥበት ሲበዛም ያጋንናል። ከባትሪ መስበር የሚነሳውን ትልልቁን አቧራ ደግሞ በደንብ አያየውም። እርስዎ ልብስ ላይ የሚያገኙት በዓይን የሚታየው አቧራ ባብዛኛው እሱ ነው።

ግን አይጣሉት። ሴንሰሩ «መቼ» የሚለውን ይነግራል። ቁጥሩ የሚወጣበትን ሰዓትና ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ደብተር ላይ ይጻፉ። ማቅለጥ ሲጀመር፣ ነፋሱም ከዚያ በኩል ሲሆን ሁልጊዜ የሚወጣ ከሆነ ይህ ጥሩ መረጃ ነው። 30 እና 40 ራሱም ዝም የሚባል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ ለ24 ሰዓት አማካይ ያስቀመጠው በኪዩቢክ ሜትር አየር 15 ማይክሮግራም ነው።

«ምን» የሚለውን የሚመልሰው ግን ተራ ጠርሙስ ነው። ጀርመኖች በርገርሆፍ የሚሉት ዘዴ ነው፤ ረቀቅ ያለ ነገር የለውም። አፈ ሰፊ የማር ጠርሙስ ዓይነት፣ አፉ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ከመሬት 1.5 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ለ30 ቀን ክፍቱን ይቀመጣል። ከላዩ የወደቀው ሁሉ ይሰበሰባል። ላቦራቶሪ በናይትሪክ አሲድ አሟሙቶ ውስጡ ያለውን እርሳስ ይለካል።

የሚያበላሸው ቦታውና ንጽሕናው ነው። ከዛፍ ሥር አይሁን። ከቆርቆሮ ጣሪያ ጠብታ ይራቅ። ያረጀ ቀለም ከሚልጥ መስኮትም ይራቅ፤ አሮጌ ቀለም ራሱ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ጠርሙሶቹን በአሲድ አጥቦ እንዲሰጥዎ ላቦራቶሪውን ይጠይቁ። አቧራው እንዳይበን ከታች ትንሽ የተጣራ ውኃ ይደረግበታል። ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውኃ ካልተከፈተ ይሠራል። ከባትሪ ጋራዥ ግን አይግዙ እንጂ!

አንድ ጠርሙስ ምንም አያስረዳም። ሁለት አጥሩ አጠገብ፣ አንድ የማቅለጫው ጭስ ከማይደርስበት ዘመድ ቤት፣ አንድ ደግሞ ተከድኖ እዚያው አጥሩ አጠገብ ይቀመጥ። የተከደነው ምስክር ነው። እሱ ውስጥ እርሳስ ከተገኘ ከጠርሙሱ ወይም ከውኃው መጥቷልና ሌሎቹንም ማመን ይከብዳል።

ሐምሌና ነሐሴ አይጀምሩ። አዲስ አበባ በክረምት ወር 300 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ፣ 9 ሴንቲ ሜትር አፍ ያለው ጠርሙስ ውስጥ ወደ 1.9 ሊትር ውኃ ይገባል። አንድ ተኩል ሊትር የሚይዘው ሞልቶ ይፈስሳል፤ ናሙናዎም አብሮ ይሄዳል። የግድ ክረምት ከሆነ በየሳምንቱ ይቀይሩና ውኃውን ሁሉ ሳይደፉ አብረው ያስረክቡ።

ውጤቱ በማይክሮግራም ሲመጣ ሒሳቡ ቀላል ነው። የጠርሙሱ አፍ ስፋት 0.00636 ካሬ ሜትር ነው። እርሳሱን በዚህ፣ ከዚያ በ30 ቀን ያካፍሉ። ለምሳሌ 57 ማይክሮግራም ቢወጣ በካሬ ሜትር በቀን 300 ገደማ ይሆናል። የጀርመን ደንብ ለእርሳስ የሚፈቅደው በዓመት አማካይ 100 ነው። የአንድ ወር ልኬት ዓመቱን አይተካም፣ ግን ከዘመድ ቤቱ ጠርሙስ ጋር ያለው ልዩነት ብዙ ይናገራል።

«ፓምፕና ፊልትር ይዤ መጥቼ እለካለሁ» የሚል ባለሙያ ካገኙ እሰየው፤ የሚተነፍሱትን የሚነግርዎ እሱ ነው። አንድ ጥያቄ ግን ይጠይቁት፦ የአየር ፍሰቱ የተስተካከለው የት ነው? አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ገደማ ያንሳል። ይህን ያላረመ ሰው ያለፈውን አየር መጠን ይሳሳታል፤ ስለዚህ ውጤቱም ይሳሳታል። ሲጠይቁት ግራ ከተጋባ ገንዘብዎን ይያዙ።

እስከዚያው ቤቱን በደረቁ አይጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። ጫማ በር ላይ ይውለቅ። ጎመኑ ደጋግሞ ሲታጠብ ከላዩ ያለው አቧራ በብዛት ይለቃል፣ ሁሉም ግን አይለቅም። ለልጆቹ ሲባል የጓሮውን ለጊዜው ቢተዉት እመርጣለሁ። አፈሩንም ያስመርምሩ፤ ዓመታት የወረደበት አፈር ሥራው ቆሞም በነፋስ እየተነሣ ይመለሳል።

ላቦራቶሪው ጋር ሲሄዱ እርሳስን ብቻ አይዘዙ። አንቲሞኒና መዳብም ይጨመሩ። ብዙ ባትሪዎች ውስጥ እርሳሱ ከአንቲሞኒ ጋር የተቀላቀለ ነው። አንቲሞኒ ከመኪና ፍሬን አቧራም ይመጣል፤ ያኛው ግን ብዙ ጊዜ መዳብ ይዞ ነው። እርሳስና አንቲሞኒ አብረው ከፍ ብለው መዳብ ዝቅ ካለ፣ ጣትዎን ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ አጥሩ ጀርባ መቀሰር ይችላሉ። አቤቱታ ሲጽፉም የላቦራቶሪውን የውጤት ወረቀት ከሴንሰሩ ደብተር ጋር አያይዙት።