ሁለት ሞኒተር፣ አንድ መነጽር

ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ብራውዘሬ ብልጭ ድርግም እያለ አስቸገረኝ። ሁለተኛው ሞኒተር ላይ ብቻ ነው። አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ ያው ነው። ሞኒተሩን ልቀይረው እንዴ?»

ቶሎ አልመለስኩለትም። እያሰብኩለት መስሎት ዝም ብሎ ጠበቀኝ። እኔ ግን የማስበው የእሱን ሞኒተር አልነበረም። የአንዲት ሴት መነጽር ነው ትዝ ያለኝ።

በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ፣ የጠፋ ፋይል፣ የሞተ ሃርድ ዲስክ፣ ሁሉንም አይቻለሁ። አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ይቺኛዋ ግን አልለቀቀችኝም። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልጻፈው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2011 ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ተርጓሚ ነበሩ። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። ሥራቸው ሁለት ሞኒተር ይፈልጋል። ግራው ላይ ዋናውን ጽሑፍ በብራውዘር ይከፍታሉ፣ ቀኙ ላይ ትርጉሙን ይጽፋሉ። ቀኑን ሙሉ ዓይናቸው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ነው።

አንድ ቀን ደወሉ። «ልጄ፣ የግራው ስክሪን ይንቀጠቀጥብኛል። ጥቁር ነገር ብልጭ ይልና ይጠፋል። የማነበው ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ ዙሪያው ደህና ነው። ቀኙ ላይ ስጽፍ ይብሳል። ከሰኞ ወዲህ ነው የጀመረው።»

እስቲ ይህንን እንደገና አንብቡት። የትኛው ስክሪን፣ የቱ ፕሮግራም፣ ምን ሲያደርጉ፣ ከመቼ ጀምሮ። አንድ ባለሙያ ከዚህ በላይ ምን ይጠይቃል? እኔ የሰማሁት ግን «ይንቀጠቀጣል» የምትለዋን ብቻ ነበር።

ወጣሁ። በቅጡ ሰላም እንኳ ሳልል ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት የተከፈተውን ሁሉ መዝጋት ነው። ልማዴ ነበር። ብራውዘሩም አብሮ ተዘጋ። ከዚያ እጄን አጣጥፌ ጠበቅሁ። ስክሪኑ ንቅንቅ አላለም። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ፣ ሪስታርት አደረግኩ። «ደህና ነው እኮ» አልኳቸው። መዝገቡ ላይ «ችግር አልተገኘም» ብዬ ጽፌ ዘጋሁት።

በማግስቱ እንደገና ደወሉ። ፎቅ መውጣት ሰለቸኝና ከጠረጴዛዬ በሪሞት ገባሁ። የእርሳቸውን ኮምፒውተር በእኔ ስክሪን አየሁት፤ ጸጥ ያለ ነው። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። በሪሞት የምታዩት በኔትወርክ የተላከ ምስል ነው። በእርሳቸው ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ለሞኒተሩ የሚያዘጋጀው ክፍል) እና በእርሳቸው ሞኒተር መካከል ያለውን ጠብ እኔ ከታች ሆኜ በየት አያለሁ? «ችግር አልተገኘም»፣ ሁለተኛ።

ሦስተኛው የባሰ ነው። ኮምፒውተሩን ነቅዬ ወደ ክፍሌ ወሰድኩት። ሁለት ቀን ሙሉ አብርቼ ተውኩት፣ ከአንድ ሞኒተር ጋር። ከአንድ! ሴትዮዋ ስለ ግራና ቀኝ እየነገሩኝ እኔ በአንድ ሞኒተር ፈተንኩት። እነዚያን ሁለት ቀናት እርሳቸው ጽሑፉን በወረቀት አሳትመው በእስክሪብቶ ሲተረጉሙ ቆዩ። ስመልስላቸው ግንባራቸውን ይዘው ነበር። «ራሴን ያመኛል» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ያቺን ቃል የተናገርኩት። «ምናልባት ዓይንዎን ቢታዩ?»

በክፋት አልነበረም። ግን በደግነትም አልነበረም። ሰው ሲያቅተው ጥፋቱን ወደ ባለጉዳዩ ገፋ ያደርጋል። ብልጭታ ራስ እንደሚያሳምም አጥቼው አይደለም። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያዎች እንኳ ገጽ ላይ በሴኮንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ የሚል ነገር እንዳይኖር የሚከለክሉት ሰው ስለሚጎዳ ነው። ይህን እያወቅሁ «ዓይንዎን ይታዩ» አልኩ።

እንደዚያ ግትር ያደረገኝ አንድ የቆየ ኩራት ነበር። በወጣትነቴ፣ በዚያ ከባድ ቱቦ ባለው ሞኒተር ዘመን፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ሞኒተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ምስላቸው እንደ ውሃ ይዋልል ነበር። ሰው ሁሉ ቫይረስ ነው ይላል። እኔ ሄጄ አየሁ። አንዱ በ60 ኸርዝ፣ ማለትም ምስሉን በሴኮንድ 60 ጊዜ እያደሰ፣ ሌላው በ75 ኸርዝ ይሠራል። የአንዱ ማግኔታዊ መስክ የሌላውን ምስል ያወዛውዛል። አንድ ክንድ አራራቅኋቸው፤ ቆመ። ዲጋውስ የምትባል ቁልፍም ነበረች። ስትጫኗት ድም ብላ ስክሪኑ ይንዘፈዘፋል፣ ቀለሙም ይስተካከላል። ለሥራ ባያስፈልግም እጫናት ነበር፣ ደስ ስለምትል። የዛሬ ልጆች ይቺን ደስታ አታውቋትም። እና ያን ቀን ቢሮው ሁሉ አጨበጨበልኝ። ከዚያ ወዲህ ብልጭታ ባየሁ ቁጥር ኬብል፣ ሞኒተር፣ መብራት ነው የምለው። ብራውዘር ይህን ሊያደርግ ይችላል ብሎ ማሰብ ለእኔ ስድብ ነበር። ብራውዘር ገጽ ይከፍታል እንጂ ስክሪን ምን አገባው?

እኔ ያልተከተልኩት ለውጥ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2011 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 9 እና ፋየርፎክስ 4 ወጡ። ሁለቱም ገጽ የመሣሉን ሥራ ለግራፊክስ ካርዱ መስጠት ጀመሩ። ሃርድዌር አክሰለሬሽን የሚባለው ነው። እስከዚያ ድረስ ይህን ሥራ በአመዛኙ የሚሠራው ዋናው ፕሮሰሰር ነበር። ብራውዘሩ ከካርዱ ጋር በቀጥታ መነጋገር ሲጀምር፣ ያረጀ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ያለው ብዙ ማሽን ተጋለጠ። የእኛ ድራይቨሮች ማሽኖቹ ከመጡበት ቀን ጀምሮ ማንም አልነካቸውም። የሴትዮዋ ሰኞ ብራውዘሩ አፕዴት የተደረገበት ሰኞ ነበር። አፕዴቱን ያደረግኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ይህን ያወቅሁት ከወራት በኋላ፣ ለእኔም ሁለተኛ ሞኒተር ሲሰጠኝ ነው። ማሽኔ ከእርሳቸው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ግራው ላይ ብራውዘር ከፍቼ ቀኙ ላይ ሪፖርት መጻፍ ጀመርኩ። በግራ ዓይኔ ጥቁር ሳጥን ብልጭ አለና ጠፋ። እንደገና። መጻፌን ሳቆም ይቆማል። ቃል በቃል እርሳቸው ያሉት ነው። ላብ አጠመቀኝ።

በማግስቱ ምሳ ሲወጡ ጠብቄ ወደ ክፍላቸው ገባሁ። የብራውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ አክሰለሬሽኑ ላይ ያለችውን የራይት ምልክት አጠፋሁ። ድራይቨሩንም አዲስ ጫንኩ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ። ስለዚህ የትኛው እንዳዳነው እስከ ዛሬ አላውቅም። እናንተን «አንድ በአንድ ለውጡ» እያልኩ የማስቸግረው እኔ ነኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ደረጃ ላይ አገኙኝ። ፊታቸው በርቷል። አዲስ መነጽር አድርገዋል። «ልጄ፣ ምክርህ ሠራ! መነጽሩ ነው ያዳነኝ። ስክሪኑ ጸጥ አለልኝ» አሉ። መረቁኝ።

እኔም «እንኳን ደስ አለዎት» አልኩ።

ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተገናኝተናል። በጡረታ ሲሸኙም ነበርኩ። አንድም ቀን አልነገርኳቸውም።

ወደ ልጁ ልመለስ። ሞኒተር አትቀይር አልኩት፤ መጀመሪያ ምን ዓይነት ብልጭታ እንደሆነ ንገረኝ። «ብልጭ ይላል» የሚለው ቃል ሦስት አራት በሽታ ይሸፍናል። ሙሉ ስክሪኑ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ጠቁሮ ከተመለሰ ሲግናል ተቋርጧል ማለት ነው። ያኔ የእኔ የድሮ ኩራት ይሠራል፦ ኬብል፣ አዳፕተር፣ የላላ መሰኪያ። ከወንበር ስትነሱ ብቻ የሚጠቁር ሞኒተርም አለ። በአየር ግፊት ከፍና ዝቅ የሚል ወንበር ስታቲክ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ኬብሉ ያንን ይስባል። መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። አሁን አልስቅም። የብራውዘሩ መስኮት ብቻ ከሆነ ግን ብራውዘሩ ገጹን ወደሚሥልበት መንገድ፣ ወደ አክሰለሬሽኑ ሂዱ። ጠቁሮ ሳይሆን ደመቅ ፈዘዝ፣ እንደ መተንፈስ የሚል ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው።

የማይክሮሶፍት የራሱ ምክር ጥሩ ነው። ታስክ ማናጀርን፣ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ክፈቱ። ሌላው ሁሉ ብልጭ ሲል እሱም አብሮ ብልጭ ካለ ድራይቨሩን ጠርጥሩ። እሱ ጸጥ ካለ ፕሮግራሙን። በአንድ ደቂቃ ግማሹን መንገድ ትሄዳላችሁ። ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ብትጫኑ ደግሞ የግራፊክስ ድራይቨሩ እንደ አዲስ ይነሣል። ያ ለጊዜው ካቆመው ፍንጭ ነው።

አክሰለሬሽኑን ማጥፋት ክሮም ላይ ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም የሚለው ጋ ነው፣ ፋየርፎክስ ላይ ጄኔራል ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለው ጋ። ብራውዘሩን ዘግታችሁ ክፈቱት፣ አለበለዚያ ለውጡ አይሠራም። ይህ መመርመሪያ እንጂ መድኃኒት አይደለም። አጥፍታችሁ ከተዋችሁት ቪዲዮ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ባትሪው ያልቃል። እርግጥ እኔ በዚያ መሥሪያ ቤት አጥፍቼው ሁለት ዓመት ቆይቷል። ማንም አልከሰሰኝም።

አንድ ቅሬታ አለኝ። የዛሬ ልጆች ስክሪንሾት ትልካላችሁ። ለብልጭታ ስክሪንሾት! ስክሪንሾት የሚያነሣው ኮምፒውተሩ ያሰበውን ምስል ነው፣ ሞኒተሩ ያሳየውን አይደለም። ስልካችሁን አውጡና ሁለቱንም ሞኒተር አንድ ላይ በቪዲዮ ቅረጹ። ካሜራው ላይ የሚንሸራተቱ ጥቁር መስመሮች ብታዩ አትደንግጡ፣ እነሱ የካሜራውና የስክሪኑ ፍጥነት አለመግጠም ናቸው።

ሌላው ሬጂስትሪ፣ የዊንዶውስ የውስጥ ሴቲንግ የሚቀመጥበትን፣ መነካካት ነው። የሆነ ቪዲዮ አይታችሁ «ኦቨርሌይ ቴስት ሞድ» የሚባለውን 5 ታደርጋላችሁ። ምን እንደሆነ ስጠይቅ ዝም። ዊንዶውስ ከ8.1 ጀምሮ መልቲፕሌን ኦቨርሌይ የሚባል ነገር አለው። መስኮቶችን ሁሉ አንድ ምስል ላይ ከመደረብ ይልቅ፣ ለምሳሌ ቪዲዮውን ለብቻው ለካርዱ ይሰጠዋል፣ ካርዱ ይደርበዋል። በተለይ ሁለቱ ሞኒተሮች በተለያየ ፍጥነት ሲሠሩ፣ አንዱ 60 ሌላው 144 ኸርዝ ሲሆን፣ ይህ አሠራር አንዳንዴ ይደናቀፋል። ያ ቁጥር እሱን ያጠፋዋል። የግራፊክስ ካርድ አምራቹ ኤንቪዲያ ራሱ ለዚህ የሚሆን ፋይል አውጥቶ ነበር። ስለዚህ ዘዴው ውሸት አይደለም፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ግን የነካችሁትን ጻፉት። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ነገር ሲበላሽ ማን ያስታውሰዋል?

እንዲህ እያልኩ ስወቅስ ልጁ ያን ዕለት ማታ ቪዲዮ ላከልኝ። ሁለቱም ሞኒተሮች ይታያሉ፣ እጁም አይንቀጠቀጥም። ከእኔ የመጀመሪያ ሦስት ሙከራ የእሱ አንድ ቪዲዮ ይሻላል። ሁለተኛው ሞኒተር 144 ኸርዝ ነው። ብራውዘሩ ላይ ቪዲዮ ሲጀምር ስክሪኑ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። አይጠቁርም። ጂሲንክ በርቷል፣ ያውም ለመስኮቶችም ጭምር። ይህ ነገር የሞኒተሩን ፍጥነት ከምስሉ ጋር እያስማማ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ለጨዋታ ግሩም ነው። በአንዳንድ ሞኒተር ላይ ግን ፍጥነቱ ሲለዋወጥ ድምቀቱም አብሮ ይለዋወጣል። ለሙሉ ስክሪን ብቻ እንዲሆን አድርገው አልኩት። ሌላ ምንም አትንካ።

ትናንት መጣ። «ጋሼ፣ ቆመ!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠዋት።»

መዝገቡን ሳምንት ክፍት እንተወው አልኩት። ፊቱን አጨማደደ። እኔ ግን ገና ሲገባ መነጽር ማድረጉን አይቻለሁ፤ አዲስ ይሁን ድሮም የነበረው፣ መጠየቅ ፈራሁ።