ጠጅን እንደ ጣፋጭ ወይን ለዓመታት ማሰንበት

ጥያቄ፦ በጣሊያን የቶስካና ቤተሰቦች ቪን ሳንቶ የሚሉትን ጣፋጭ ወይን ጎደል ባለ በርሜል ለዓመታት ሲያስቀምጡት እየጣመ ይሄዳል ይባላል። እኔ ግን ከጌራ ማር የጣልኩትን ጠጅ በጎዶሎ ጠርሙስ ሦስት ወር ባቆየው ሆምጣጤ ሆነብኝ። አየሩ የእነሱን አጣፍጦ የእኔን ለምን አበላሸው? (ከጅማ፣ ሄርማታ)

መልስ፦ ልዩነቱ ያለው በመጠጡ ጥንካሬ ነው። የጠጅ አልኮል አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 11 በመቶ ነው። በዚህ ልክ አየር ሲያገኝ አሴቶባክተር የሚባለው ባክቴሪያ አልኮሉን ወደ ሆምጣጤ ይለውጠዋል። ከ15 በመቶ በላይ ሲሆን ግን ባክቴሪያው ይዳከማል። ያኔ አየሩ ቀለሙን ቀስ እያለ ያጠቁራል፣ የለውዝና የተቃጠለ ስኳር መዓዛም ያወጣለታል።

ቪን ሳንቶ ሠሪዎች ትሬቢያኖና ማልቫሲያ የተባሉትን ወይኖች ከቆረጡ በኋላ በምንጣፍ ላይ ዘርግተው ወይም ሰቅለው ለወራት ያደርቃሉ። ውሃው ሲተን ስኳሩ ይጠናል። ጭማቂው ትንሽ በርሜል ውስጥ ታሽጎ ጣሪያ ሥር ይቀመጣል፤ በሙቀት ወራት ይፈላል፣ በብርድ ያርፋል፤ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል።

ለእርስዎ የሚቀልዎት ግን የፈረንሳይ ሩሲዮን ሰዎች መንገድ ነው፤ እነሱ ፍላቱን በጠንካራ አልኮል ያቆሙና በትልልቅ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ያስቀምጣሉ። ብርዙን በ1 ኪሎ ማር 2 ሊትር ውሃ ይበጥብጡ፤ የተለመደው አንድ ለሦስት ለዚህ ይቀጥናል። ሃይድሮሜትር (በፈሳሹ ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን የሚያሳይ ተንሳፋፊ መለኪያ) ሲጠነሰስ 1.110 አካባቢ ያነባል፤ ወደ 1.033 ሲወርድ አልኮሉ 10 በመቶ ገደማ ደርሷል። ያኔ ሰፈፉንና ጌሾውን አጥልለው ያውጡ። ጌሾው ከቆየ ምሬቱ ለዓመታት አይለቅም። ከዚያ ለ10 ሊትር ጠጅ 3 ሊትር ባለ 40 በመቶ መጠጥ ይጨምሩ፤ ወደ 17 በመቶ ይጠጋል። መጠኑ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈበትን ይግዙ። የቤት አረቄ ጥንካሬው ስለማይታወቅ ስሌቱ ይፈርሳል፤ የመጀመሪያው ጠብታ በደንብ ያልተለየ ከሆነ ደግሞ ለጤናም ያሰጋል።

አረፋው ሙሉ በሙሉ እስኪቆም በላላ ክዳን ያቆዩት። ቸኩለው ካሸጉት ጠርሙሱ ይፈነዳል። ሲረጋ ከዝቃጩ ላይ ቀድተው አምስት እጅ በሚይዝ ዕቃ አራት እጁን ሞልተው በቡሽ ይድፈኑት። በበጋ ደጅ፣ ክረምቱ ሲገባ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያኑሩት። በየወሩ ይቅመሱ፤ ከዓመት በፊት ግን አይፍረዱበት።

ጥያቄ፦ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ካመጣስ?

መልስ፦ ኤቲል አሴቴት ነው፤ አልኮሉ ሳይበቃ አየር ገብቶበታል ማለት ነው። ያ ሽታ አይመለስም፤ ማር መጨመርም ከንቱ ድካም ነው። ከደህናው ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት፣ ዕቃውንም ቡሽ ሳይቀር ይለውጡ።