የባለጸጎቹ ፉርጎ፦ ስለ ጥንታዊ የግል የባቡር ፉርጎዎች ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ በአንድ የባቡር ሙዚየም ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ አናጺነት ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ የምድር ባቡር ፉጨት እየሰማሁ ነው። ባለፈው ሳምንት ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ፉርጎ ውስጥ ሆኜ የተነሳሁትን ፎቶ ባሳይ የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። ያው የቻልኩትን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ «የግል ፉርጎ» ሲባል ሰውየው ባቡሩን በሙሉ ገዛው ማለት ነው?

የለም፣ አንድ ፉርጎ ብቻ። ሎኮሞቲቩም ሐዲዱም የኩባንያው ነው። ባለቤቱ «ነገ ቺካጎ እሄዳለሁ» ብሎ ያስታውቃል፤ ፉርጎው ከመደበኛው የመንገደኛ ባቡር ጭራ ላይ ይቀጠልለታል። ሲደርስ ተፈትቶ በጎን ሐዲድ ላይ ይቆማል። ሆቴል ምን ያደርግለታል? ቤቱን ይዞ ነው የመጣው። ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ ደግሞ ራሳቸው የባቡር ኩባንያ አለቆች ነበሩ።

ውስጡን ለማየት ከኋላ ብትገባ ይሻላል። መጀመሪያ የናስ አጥር ያለው በረንዳ ታገኛለህ። ከዚያ ትልልቅ መስኮት ያለው ሳሎን፤ ቀጥሎ በአንድ ጎን ጠባብ ኮሪደር፣ በሌላው ጎን መኝታ ክፍሎች፤ ከዚያ መመገቢያው፤ ከፊት ወጥ ቤቱና የሠራተኞቹ መኝታ። ይህ ሁሉ በ24 ሜትር ርዝመትና በ3 ሜትር ወርድ ውስጥ ነው። ስለዚህ የማይታጠፍ ነገር የለም፦ ሶፋው አልጋ ይሆናል፣ የላይኛው አልጋ ከግድግዳ ይወርዳል። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው መተላለፍ ያቅተዋል፤ የእኛ ቤት ጓዳ ይሰፋል። ከዚያች ቀዳዳ ነው በከሰል ምድጃ ለአሥር እንግዳ የሚሆን ድግስ የሚወጣው።

ጥያቄ፦ እነማን ነበሯቸው? ዛሬስ የት ይታያሉ?

ለእኔ አንደኛው የሄንሪ ፍላግለር 91 ቁጥር ፉርጎ ነው። ፍላግለር ከሮክፌለር ጋር በነዳጅ የከበረ፣ በኋላ ፍሎሪዳን በባቡርና በሆቴል ያቀና ሰው ነው። ፉርጎውን በ1886 የሠራው ዴላዌር ውስጥ ዊልሚንግተን የነበረው የጃክሰን ኤንድ ሻርፕ ኩባንያ ነው። ጥር 22 ቀን 1912፣ በ82 ዓመቱ፣ በባሕር ላይ ያዘረጋው ሐዲድ ኪ ዌስት ደሴት ሲደርስ የገባው በዚሁ ፉርጎ ነበር። ዛሬ ፓልም ቢች በሚገኘው የቀድሞ ቤቱ፣ በሙዚየሙ ግቢ አለ።

የሰርከሱ ባለቤት ጆን ሪንግሊንግ በ1905 የፉርጎ ሠሪው የፑልማን ኩባንያ የሠራለት «ዊስኮንሲን» ሳራሶታ፣ ፍሎሪዳ ነው። የባቡር ባለሀብቱ የጄይ ጉልድ «አታላንታ» (1888) ጄፈርሰን፣ ቴክሳስ። ሦስቱንም አይቻለሁ፤ ዊስኮንሲን ላይ ቀኑን ሙሉ ብውል አልሰለችም።

ጥያቄ፦ የሊንከን አስከሬን የተጫነበት ፉርጎስ?

ተቃጠለ። በ1865 የተገደለውን የፕሬዚዳንት ሊንከንን ሬሳ ከዋሺንግተን ስፕሪንግፊልድ ያደረሰው ፉርጎ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ በ1911 ሚኒያፖሊስ አጠገብ የሣር እሳት በላው። የእንጨት ፉርጎ እንዲህ ነው፤ አንድ ክብሪት ይበቃዋል።

የልጁ የሮበርት ቶድ ሊንከን ነገር ግን ይገርማል። እሱ በኋላ የፑልማን ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ቨርሞንት በሚገኘው ቤቱ በሂልዲን ዛሬ «ሰንቢም» የሚባል በ1888 የተሠራ የፑልማን ፉርጎ ታድሶ ይታያል።

ጥያቄ፦ ስለ ባለጸጎቹ ብቻ አወራህ። አልጋ ያነጠፉትስ? (ከቺካጎ)

እውነትህን ነው፣ ከዚህ መጀመር ነበረብኝ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የፑልማን ኩባንያ መሥራች ጆርጅ ፑልማን ለፉርጎ አስተናጋጅነት የቀጠረው ጥቁሮችን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ትናንት ከባርነት የወጡ ነበሩ። ተሳፋሪው ስማቸውን ሳይጠይቅ ሁሉንም «ጆርጅ» እያለ ይጠራቸው ነበር፤ በጌታው ስም፣ ልክ እንደ ባሪያ ዘመን። የወር ደመወዛቸውን ለማግኘት 400 ሰዓት ወይም 11,000 ማይል መሙላት ነበረባቸው። ቀሪው በጉርሻ ነው።

በ1925 ኒው ዮርክ ላይ በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት የሠራተኛ ማኅበር መሠረቱ፤ ኩባንያው በ1937 ውል ፈረመ። የ1963ቱን የዋሺንግተን የጥቁሮች መብት ሰልፍ ከመሩት አንዱ ይኸው ራንዶልፍ ነው። ዲሲ ያላችሁ፣ ዩኒየን ስቴሽን ስትገቡ ሐውልቱን ፈልጉ፤ ስንቶቻችን በአጠገቡ ሮጠን እናልፋለን።

እኛ ሙዚየም ጎብኚ ሁሉ ሳሎኑን ፎቶ ያነሳል። እኔ ግን አስተናጋጁ ይተኛባት የነበረችውን አግዳሚ ካላሳየሁ አላሰናብትም። ትከሻዬ አይገባባትም።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል የተለፋበት ነገር እንዴት ተጣለ?

ብዙ ነገር ተደራረበበት። ፔንሲልቬንያ የባቡር ኩባንያ ኒው ዮርክ በዋሻ ሊገባ ሲል፣ እሳት ስለተፈራ፣ የብረት ፉርጎ ግድ ሆነ፤ ጣቢያው በ1910 ተከፈተ። ከዚያ የእንጨቱ ፉርጎ «አሮጌ» ተባለ። መኪና መጣ፣ የ1929ኙ የኢኮኖሚ ኪሳራ መጣ፣ በመጨረሻም አውሮፕላን።

የተረፉት እንዴት እንደተረፉ ነው የሚገርመኝ። የፍላግለር 91 ቁጥር በ1959 ሙዚየሙ ሲያገኘው ጭሰኛ ገበሬዎች የሚኖሩበት ቤት ሆኖ ነበር። የሪንግሊንግ ዊስኮንሲን ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ የዓሣ አጥማጆች ማረፊያ ሆኖ ቆይቷል። ሰው ሲያነብ «ውርደት!» ይላል። እኔ ግን እነዚያን ሰዎች አመሰግናለሁ። የሚኖርበት ሰው ጣሪያው ሲያፈስ ወጥቶ ቆርቆሮ ይመታበታል። «ቅርስ ነው፣ እንዳይነካ» ተብሎ ሜዳ ላይ የቆመው ነው በአሥር ዓመት የሚበሰብሰው።

ጥያቄ፦ የፕሬዚዳንቱ ፉርጎ ጥይት አይበሳውም ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው። «ፈርዲናንድ ማጄላን» ይባላል፣ በ1929 የወጣ የፑልማን ፉርጎ። በ1942 ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እንደገና ተሠራ፦ ዙሪያውን 16 ሚሊ ሜትር የሚሆን ብረት፣ መስኮቱ 7.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥይት የማይበሳው መስታወት፣ ሁለት ማምለጫ ቀዳዳ። ክብደቱ 285,000 ፓውንድ ደረሰ፣ 129 ቶን መሆኑ ነው። ሩዝቬልት በተሽከርካሪ ወንበር ስለነበር በኋለኛው በረንዳ ላይ አሳንሰር ተገጠመ። ደስ የሚለኝ ደግሞ ስሙን ከጎኑ አጥፍተው «ፑልማን» ብቻ መተዋቸው ነው፤ ማን እንዳለበት እንዳይታወቅ። 129 ቶን የሚመዝን ምስጢር!

ከእሱ ቀጥሎ ፕሬዚዳንት የሆነው ትሩማን በ1948 ምርጫ አገሩን የዞረው በእሱ ነው። «ዲዊ (ተፎካካሪው) ትሩማንን አሸነፈ» ብሎ የተሳሳተውን የቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ ከፍ አድርጎ የሚስቅበትን ፎቶ ታስታውሳላችሁ? የቆመው የዚህ ፉርጎ በረንዳ ላይ ነው፣ ሴንት ሉዊስ ጣቢያ። ከ1959 ጀምሮ ማያሚ፣ ጎልድ ኮስት የባቡር ሙዚየም ይገኛል።

ጥያቄ፦ እኔም አናጺ ነኝ። እንጨቱን እንዴት ነው የምታድሱት? ልጠህ ትቀባለህ?

ወንድሜ፣ መላጥ የመጨረሻው ነው። ሥራችን የሚጀምረው ከጣሪያ ነው። የድሮ ፉርጎ ጣሪያ ሁለት እርከን አለው፤ መሐሉ ከፍ ብሎ ለብርሃንና ለአየር ትንንሽ መስኮቶች የተደረደሩበት። ውበቱም ጉዱም እዚያ ነው። ውሃው በነዚያ መስኮቶች ጥግ ይገባል፣ በግድግዳው ውስጥ ቁልቁል ይሄዳል፣ ከታች ዋናው የወለል ማገር ላይ ይጠራቀማል። አንተ ሳሎኑ ውስጥ ቆመህ የሚያብረቀርቅ ማሆጋኒ ታያለህ፤ ከኋላው ያለው ምሰሶ እንደ ዳቦ በጣት ይቆረሳል።

ቀጥሎ ቀለሙን እናነባለን። የማትታይ ጥግ ላይ፣ የሳንቲም ያህል ቦታ፣ በረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራሱ መፋቅ ነው። እንደ ተቆረጠ ግንድ ክብ በክብ ይወጣል። እኔ የሠራሁበት ላይ ከላይ ነጭ፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ እንደገና ነጭ፣ ከሥሩ ወርቃማ ቫርኒሽ፣ በመጨረሻም እንጨቱ ወጣ። ያን ቀን ከአረንጓዴው ሥር የጣት ጥፍር የምታህል ቢጫ ቅጠል አየሁ። የእንጨት ጥልፍ ነው፤ ቀጫጭን ልዩ ልዩ እንጨት ተቆርጦ እርስ በርሱ እየተገጣጠመ የሚሠራ ሐረግ። ቅጠሏን ተከትዬ ሐረጉን እስከ በሩ ለመግለጥ አራት ወር ፈጀብኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ።

ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ባለሙያ ግን (ስሙ ይቅር) ቶሎ ልጨርስ ብሎ በማሽን ሲልጥ ግማሹን ግድግዳ ጥልፉን ከነሥሩ በልቶታል። ጥልፉ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም እኮ! ያንን ግማሽ እንዳለ ትተነዋል፤ ለማስተማሪያ። አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር፦ የድሮ ቀለም እርሳስ አለበት። ያለ ጭምብል እንዳትነካው፣ የሥራ ልብስህን ይዘህም ልጆች ያሉበት ቤት እንዳትገባ።

ጥያቄ፦ ዛሬ መሳፈር ይቻላል? መግዛትስ?

ይቻላል፣ ግን ጠቧል። የአሜሪካ የመንገደኛ ባቡር ኩባንያ አምትራክ የግል ፉርጎዎችን በክፍያ ከባቡሩ ጋር ይቀጥል ነበር፤ በ2018 ደንቡን አጥብቆ የሚሄዱበትን መስመርና ጊዜ ቀነሰው። ፉርጎው የዛሬውን ምርመራ ማለፍ፣ የ480 ቮልት የኤሌክትሪክ መስመርም ሊኖረው ይገባል። የድሮዎቹ በእንፋሎት የሚሞቁ፣ መብራታቸውን ከመንኮራኩር በሚዞር ጄኔሬተርና በ32 ቮልት ባትሪ የሚያገኙ ስለሆኑ ሁሉን መቀየር ግድ ነው። እና መግዛቱ ቀላሉ ነው፤ «የት ላቁመው?» የሚለው ነው ባለቤቱን የሚያስለቅሰው።

ጥያቄ፦ አውሮፓስ?

ከብዙው አንድ ልንገርህ። የንግሥት ቪክቶሪያ የ1869 ሳሎን ዮርክ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም አለ፤ ዋጋው 1,800 ፓውንድ ሆኖ 800ውን ከኪሳቸው ከፍለዋል። ሐሩና ጥልፉ ዓይን ያፈዛል። ለእኔ ትንሽ በዛብኝ።

ጥያቄ፦ ለገሃር የቆሙት የጃንሆይ ፉርጎዎችስ? እንደ ባለሙያ ምን ይደረግ ትላለህ? (ከአዲስ አበባ)

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቄ ነው ወደ መጨረሻ የተውኩት። በአዲሱ ሐዲድ ላይ ይነዱ የምትሉ አላችሁ፤ አይሆንም፣ የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር፣ በ2016 የተመረቀው ደግሞ 1.435 ሜትር ነው።

እኔ ብጠየቅ ቀለም ቀቡት አልልም። አዲስ ቀለም ቀብቶ ሪባን መቁረጥ የሁላችንም በሽታ ነው። መጀመሪያ በላዩ ላይ መጠለያ፣ ተራ ቆርቆሮም ቢሆን፣ ውሃው ከሥሩ እንዲሄድ ቦይ ያለው። ቀጥሎ ፎቶ፦ እያንዳንዱ ማጠፊያ፣ እያንዳንዱ ብሎን፣ ከመነካቱ በፊት። የወደቀ እጀታ ቢገኝ በከረጢት ተደርጎ ከየት እንደወደቀ ይጻፍበት። ሦስተኛው የሚያጣድፈው ነው፦ ድሬዳዋ ወርክሾፕ የሠሩ ሽማግሌዎች። የትኛው ፉርጎ መቼ እንደተጠገነ፣ ምን እንደተቀየረለት እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ስልካችሁን አውጥታችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ ለዚህ ፈቃድም በጀትም አያሻም። አጎቴ ፍሬኑን በጆሮው ብቻ ይመረምር ነበር። ሳልጠይቀው ሞተ።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ ባቡር ሲያይ ያብዳል። ቅዳሜ ይዤው ልምጣ?

ይዘሽው ነይ፣ እህቴ። የበረንዳውን ናስ እንደፈለገ ይንካ፤ የሳሎኑን ግድግዳ ግን በዓይኑ ብቻ። ፉጨቱን እኔ አስነፋዋለሁ።