የሻይ ቤቷ ደብተርና የሬዲዮው ቁጥር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ ሻይ ቤት አለችኝ። ሻይ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ፓስቲ እሸጣለሁ። ሬዲዮ «የዋጋ ንረት ቀነሰ» ባለ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ዕቃው እስኪወርድ ብዬ ዋጋ ሳልጨምር እጠብቃለሁ። ይኸው ዓመት ሙሉ ሻይ በ10 ብር ሸጥኩ። ስኳሩም ዱቄቱም ግን አልወረደም። ደብተር እይዛለሁ። አምና ከማወጣው 100 ብር 40ው ለዱቄትና ለዘይት፣ 30ው ለስኳርና ለሻይ ቅጠል፣ 20ው ለኪራይ፣ 10ሩ ለከሰል ነበር። ዘንድሮ ዱቄትና ዘይት 15 በመቶ፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል 10 በመቶ፣ ከሰል 20 በመቶ ጨመረ። ኪራዩን አከራዬ 50 በመቶ ሰቀሉብኝ። ማን ነው የሚዋሸው፣ ሬዲዮው ወይስ ደብተሬ? ደግሞ አንቱ እንዳይሉኝ፣ እንደ ልጅዎ ነኝ።

መልስ፦ እሺ ልጄ፣ አንቺ እልሻለሁ። ሁለቱም አልዋሹም። ጉድ የሠራችሽ «ቀነሰ» የምትለዋ ቃል ናት።

ሽንኩርት ጭኖ ከሸዋ ሮቢት የተነሳ አይሱዙ የጣርማ በርን ዳገት ሲይዝ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ታዲያ መኪናው ወረደ ይባላል? አሁንም እየወጣ ነው፣ ቀስ ብሎ። ንረት ማለት ያ ፍጥነት ነው። ዋጋው ደግሞ መኪናው ያለበት ከፍታ ነው።

በቁጥር እንየው። 100 ብር የነበረ ዕቃ በመጀመሪያው ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 130 ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት 20 በመቶ ቢጨምር 156። በሦስተኛው 15 በመቶ፣ 179 ብር ከ40 ሳንቲም። ሬዲዮው እስካሁን ሁለት ጊዜ «ቀነሰ» ብሏል፤ እውነቱን ነው። አንቺ ግን ለዚያው ዕቃ 79 ብር ከ40 ትጨምሪያለሽ።

በአገራችንም የሆነው ይኸው ነው። በግንቦት 2014 ዓመታዊው ንረት 37 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። በነሐሴ 2016 ወደ 17 በመቶ ወርዷል። ግን በ37ቱ ዘመን የተሰቀለው ዋጋ ተሰቅሎ ቀረ፤ 17ቱ የተደረበው በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ ይወርዳል ብለሽ የጠበቅሽበት ዓመት ከኪስሽ ሄዷል።

ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ፤ እኔ ራሴ ለቅሜዋለሁና። በ1990ዎቹ ጥቂት ዓመታት ዋጋ መዝጋቢ ነበርኩ። ያኔ «ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ» የምንለው መሥሪያ ቤት ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ተብሏል። ቅጽና ሚዛን ይዤ ገበያ ለገበያ እዞራለሁ። ዋጋ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ድንቹ በመደብ ነው የሚሸጠው፤ መደቡ ስንት ግራም እንደሆነ መታወቅ አለበት። ዳቦም እንደዚያው። ዋጋው ሳይነካ ዳቦው ሲያንስ ያው ጭማሪ ነው፣ ሚዛን ካላየው ማንም አያየውም።

ሻጮቹ ግን ሚዛኔን ሲያዩ «ግብር ሊጥልብን መጣ» ይላሉ። አንዲት ድንች ሻጭ ነበሩ፣ ካልገዛሁ በስተቀር መደባቸውን አያስነኩኝም። እገዛለሁ፣ እመዝናለሁ፣ እጽፋለሁ። በየገበያው ቀን ድንች ተሸክሜ ስገባ ባለቤቴ፣ «መንግሥት ደመወዝህን በድንች ነው እንዴ የሚከፍልህ?» ትለኝ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከሁሉም የበለጠ ትክክለኛውን ዋጋ የሚነግሩኝ እኚያው ድንች ሻጭ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ይደባለቃል። ጤፉ፣ ጫማው፣ ኪራዩ፣ ትራንስፖርቱ፣ እያንዳንዱ በአማካይ ቤተሰብ ወጪ ውስጥ ባለው ድርሻ ልክ ይመዘናል። ከግማሽ በላዩን ምግብ ይይዘዋል። ስለዚህ እህል ትንሽ ሲረጋጋ ጠቅላላው ቁጥር ወረድ ይላል፣ የአንቺ ኪራይ ግን የትም አይታይም። ቁጥሩ የሚወጣው ለአገርና ለክልል ነው። ለደብረ ብርሃን አይወጣም፤ ለመናኸሪያው ሰፈርማ ጭራሽ።

የመናኸሪያውን ሰፈር ቁጥር የሠራሽው አንቺ ነሽ። ያቺ ደብተርሽ አንድ ስሌት ብቻ ነው የቀራት። ድርሻውን በጭማሪው አባዢው። ዱቄትና ዘይት፣ 40 ሲባዛ በ15 በመቶ፣ 6 ብር። ስኳርና ሻይ ቅጠል 3 ብር። ከሰል 2 ብር። ኪራይ፣ 20 ሲባዛ በ50 በመቶ፣ 10 ብር። ድምር 21። የአንቺ ቤት ንረት 21 በመቶ ነው ማለት ነው።

አሁን ቁጥሮቹን ደግመሽ እያቸው። ዓመቱን ሙሉ ስኳርን ስትረግሚ ከርመሻል፣ ስኳር ከ21ዱ ያመጣው 3ቱን ነው። ግማሽ ያህሉ የአከራይሽ ነው። የኪራይ አዋጁን እንዳትጠሪባቸው፤ አዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ቤትን ነው የሚመለከተው፣ የንግድ ቤትን አይነካም። የሚያዋጣሽ ሽማግሌ ይዘሽ መደራደርና ውሉን ረዘም ላለ ጊዜ በጽሑፍ ማሰር ነው።

ሻዩን በተመለከተ፣ 10 ብር ላይ 21 በመቶ ሲጨመር 12 ብር ከ10 ሳንቲም ይመጣል። 12 አድርጊው፣ አሥር ሳንቲሟን ለብርዱ ተያት። ይህም አምና የነበርሽበት ቦታ ይመልስሻል እንጂ የቆምሽበትን ጉልበት አይከፍልሽም። መጨመርሽ ካልቀረ በውርጩ ወራት ጨምሪ፤ በኅዳር ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ለሻይ ሁለት ብር የሚከራከር ሰው አላየሁም።

ብዙ ሰው ደግሞ «ዱቄት እዚሁ ይፈጫል፣ ዶላር ምን አገባው?» ይለኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የስንዴው ማዳበሪያ በጅቡቲ ነው የሚገባው። የአይሱዙው ነዳጅና ጎማም እንዲሁ። ዱቄቱ አበሻ ቢሆንም የመጣበት መንገድ ዶላር ነው።

አንዲት ነገር ላክልልሽ። ሬዲዮው ሲናገር «ዓመታዊ» ነው ያለው «ወርሃዊ»? ዓመታዊው ይህን ወር ካምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ያነጻጽራል። ወርሃዊው ካለፈው ወር ጋር ነው። ሁለቱን ያምታቱ ሰዎች ሻይ ቤትሽ ውስጥ ሲጨቃጨቁ አይጠፉም።

ጥያቄ፦ ከእነዋሪ ነው የምጽፈው። 10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አባቴ ጤፍ ገበሬ ነው። «ኢኮኖሚው በ2016 8.1 በመቶ አደገ ይላሉ፤ የእኔን ጤፍ ማን መጥቶ ቆጠረው?» ብለህ ጠይቅልኝ አለኝ።

መልስ፦ ለአባትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የሁሉም ገበሬ ማሳ አይለካም፤ በናሙና ነው። በተመረጡ ማሳዎች ላይ 4 ሜትር በ4 ሜትር ይከለላል፣ ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይመዘናል። ከዚያ ተነስተው የቀረውን ያሰሉታል። ዕድገት ሲባል ደግሞ የዋጋው ጭማሪ ተቀንሶ ነው። የጤፍ ዋጋ እጥፍ ቢሆን አገር አደገ አይባልም፤ ኩንታሉ ሲበዛ ነው።

ለገበያ ያልወጣው፣ ጎተራ የቀረው ጤፍስ? እሱም በግምት ይገባል። ከላይ የጻፈችው ልጅ የምትሸጠው ፓስቲም ይገባል። እናትህ ጤፉን አስፈጭታ ለቤት የምትጋግረው እንጀራ ግን አይቆጠርም፣ ስላልተሸጠ። ይህችን መስመር ስታነብላቸው እኔን አታንሳኝ።